በስፒከሩ ሆድ ውስጥ የወሸቅኩት ሻሽ

ልጄ ሰይድ ለመስጊዱ የስፒከር ሳጥን እየሠራ ነው። የዋንዛው ሰጋቱራ ሽታ አፍንጫዬ ገባና እኔን አሮጊቷን ጎትቶ ልጅ አደረገኝ።

እማዬ በሞተች በሳምንቱ አባ የዋንዛ የሙሽርነት ሳጥኗን አፈረሰው፤ ለቴፑ የስፒከር ቤት ሊሠራበት። መንዙማ ትወድ ነበር። ሠርቶ ሲሞክረው እንደ በርሜል ጮኸ።

ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድንጋይ ሆኛለሁ፤ እንባ የሚባል የለም። ብቻ ልብሷ ለሰደቃ ሲታደል ሻሿን ሰረቅሁና፣ አባ ዞር ሲል በስፒከሩ ጀርባ በኩል ሆዱ ውስጥ ወሸቅኩት።

በማግስቱ አባ መንዙማውን ከፈተ፤ ድምፁ ለስለስ ብሎ ወጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አለሰለሰው?» ብሎ ጀርባውን ከፈተው። ሻሹን አወጣ፣ አሸተተው። አለቀልኝ፣ ተገረፍኩ ስል መልሶ አስገባው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባዶ ሳጥን ይጮሃል እንጂ አያወራም» አለኝ።

አልገባኝም። እንባም አልመጣ።

አሁን ሰይድ፣ «እማ፣ ሆዱን በምን ልሙላው? በስፖንጅ?» ይለኛል።

«የኔን ሻሽ ውሰድ። ስሞት ለሰደቃ ብታወጡትስ ይሄን ቡትቶ ማን ሊቀበላችሁ!»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ሻሼን ከራሴ ፈትቼው ነበር።