አባቴን ፀሐይ ያሞቅሁበት በጋ

የአባቴ ፊት ማበጥ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። «መሪጌታ ወፈሩ እኮ! እሰይ፣ ዘንድሮስ ተስማማዎት!» እያሉ የቁስቋምን ዳገት ሲወጡም ሲወርዱም ያደንቋቸዋል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በደብራችን ማኅሌት ሲመሩ የኖሩ፣ ጾሙና መቆሙ ሥጋ ያላስያዛቸው ቀጭን ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የማበስልላቸው እኔ ነኝና ምስጋናውን ለራሴ ወሰድኩት። ያወፈራቸው የእኔ ሽሮ ነው ብዬ ኮራሁ።

ኩራቴን ያበረደው ጫማቸው ነው። አንድ ጠዋት አልገባ አላቸው። ቁጢጥ ብዬ ቀኝ እግራቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ጣቴን አንሥቼ ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠበቅሁ፤ አልሞላም።

እኔ ድሮም ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ቢሮ ነው፤ ወንበሬ ላይ ከማርፈው ኮሪደር ላይ የምመላለሰው ይበልጣል። ባልደረቦቼ «ምነው፣ እሳት ረገጥሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። አባቴ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው ጠዋት ቁርስ ሲቀርብላቸው እንኳ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። እኔ ስራወጥ ባዩኝ ቁጥር «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉኛል።

ሆስፒታል ስንመላለስ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠ። ሽንታቸው እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ይይዛል፤ ፕሮቲን እየፈሰሰ ነው ተባለ። ከኩላሊታቸው በመርፌ ቁራጭ ተወሰደና ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል፤ ናሙናው ይድረስ አይድረስ እንኳ ሳናውቅ ከረምን። ስልኬን በቀን ስንቴ እንደማየው እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ውጤቱ ሲመጣ አሚሎይዶሲስ የሚባል፣ ሰምቼው የማላውቀው ስም ይዞ መጣ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። «የኔታ፣ አሚሎይድ ማለት ሰውነት አበላሽቶ የሠራው ፕሮቲን ነው» አላቸው። «ኩላሊት ላይ እንደ ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ ደም የሚያጣራበትን ወንፊት ይበጥሰዋል። ያበጡትም ለዚህ ነው።» እንዲህ ያለው አሚሎይድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት እንደማይመጣ፣ ከኋላው ለዓመታት የቆየ ሌላ ሕመም እንደሚኖር ነገረን። «ሳንባ ነቀርሳ ይዞዎት ያውቃል? የመገጣጠሚያ በሽታስ? አልድን ያለ ቁስል?»

«የለም» አሉ አባቴ።

«አባዬ ታመው አያውቁም» አልኩ እኔም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

የነቀርሳው ምርመራ ነጻ ሆነ። ሐኪሙ ምንጩን መፈለግ እንደማይተው ነግሮን ለእብጠቱ ክኒን አዘዘ፣ ጨው ከለከለ። የደም ምርመራው ቫይታሚን ዲ በጣም ዝቅ ማለቱንም አሳይቶ ነበርና ለእሱም ጠብታ ጻፈልን። ጠብታውን ፍለጋ በከተማችን አራዳ ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረስኳቸው። ወንፊት፣ ዝቃጭ፣ ምንጭ የሚባለው ሁሉ ከእጄ ውጪ ነው። ይህ ግን ገባኝ፤ ቫይታሚን ዲ ማለት ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ ጎንደር ሞልቷል። «ፀሐይ ላሙቃቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ፀሐዩ አይጎዳም፤ ወንፊቱ እስካልተጠገነ ግን ብዙም አይጠቅምም» አለኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

በማግስቱ ጀመርን። አግዳሚውን ከግቢው ግንብ ሥር አውጥቼ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ጥምጣማቸውን አስወልቃቸዋለሁ፣ እጅጌያቸውን እሰበስባለሁ። «ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ሥር ተወልጄ ፀሐይ አነሰህ ልባል?» ይሉና ይስቃሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «እንደ አራስ ልጅ ቅቤ ቀቢኝና ይለይልሽ» ይሉኛል። እኔ አጠገባቸው መቀመጥ አልችልም። ፀሐዩን ወደ ውስጣቸው የምገፋው እኔ ይመስል ከበር እስከ ማድቤት እመላለሳለሁ፤ ደመና ሲመጣ ደመናውን እሳደባለሁ። ቢሮ እያረፈድኩ መግባቴ ስም እያወጣልኝ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም።

አንድ ነገር ብቻ እሺ አይሉም። ቀኝ እግራቸውን እስከ ጉልበት ይገልጡልኛል፤ ግራውን በጋቢ ይሸፍኑታል። ግራ ቅልጥማቸው ላይ ጨርቅ ይጠመጥማሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፣ ቁርጥማት አለብኝ ይላሉ። አብሬው ስላደግሁ እንደ ልብሳቸው ነው የማየው። ሆስፒታልም «እግርዎን» ሲባሉ የሚዘረጉት ቀኙን ነበር። «እሱንም ይግለጡት እንጂ» ስላቸው «አንዱ ለሁለቱም ይሞቃል» ይሉኛል።

በጋው ሲገፋ ዳግመኛ ለምርመራ ደም ሰጡ። ቫይታሚን ዲው እዚያው ነው፤ የፕሮቲኑ መፍሰስ ደግሞ ብሷል። ሐኪሙ ላይ ጮህኩበት። ጠብታው ጊዜው አልፎበታል ወይ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል ወይ አልኩት። አልተቆጣኝም። «እህቴ፣ ቫይታሚን ዲ ደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም፤ እንደ አህያ የሚሸከመው ፕሮቲን አለ። አህያው በሽንት ሲወጣ ጭነቱም አብሮ ይወጣል። አንቺ የምትጨምሪው ጭነት ነው። ማግኘት ያለብን ወንፊቱን የበጠሰውን ነገር ነው።»

በማግስቱ ጠዋት አግዳሚው ላይ ሳስቀምጣቸው ንዴቱ ገና አልወጣልኝም ነበር። «ዛሬ ሁለቱም እግር ይገለጣል» አልኳቸው።

«ተይኝ፣ ልጄ።»

«አልተውም!» ጋቢውን ገፈፍኩት። የጨርቁን ጫፍ ይዤ መፍታት ስጀምር እጄን ለቀም አደረጉት። አባቴ እንዲያ ጠንክረው ይዘውኝ አያውቁም። ከዚያ ለቀቁኝ። ጨርቁ ከላይ ነጭ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ሌላ ክፉ ሽታ አብረው ወጡ። ቅልጥማቸው ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ዙሪያው ጠቁሯል፤ መግል ይወርደዋል።

አባቴ እግራቸውን አላዩም፣ እኔንም አላዩኝም። «በሩን ዝጊው» ነው ያሉኝ።

ዘግቼ ተመለስኩ። ድሮ፣ የቆሎ ተማሪ ሳሉ፣ ደባርቅ አካባቢ ምግብ ሲለምኑ ውሻ ነክሷቸው እንደነበር የነገሩኝ ያን ጠዋት ነው። ቁስሉ ሲሽር፣ ሲከፈት ኖረ፤ ክረምት ያመረቅዛል፣ በጋ ይደርቃል። ቆይቶ በጋውንም መድረቅ ተወ። እናቴ ታውቅ ኖሯል፤ ጨርቁን የምታጥበው እሷ ነበረች። ከሞተች ወዲህ ራሳቸው ሲያጥቡት ከረሙ።

«ምነው ለእኔ ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ታስወጪኝ ነበር።»

ከየት እንደማስወጣቸው መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኛ ዘንድ ደም ወይም መግል የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ እስኪሽርለት ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ ያስቀድሳል። ይህን ለተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩት፣ እጁን መጋዝ የቆረጠውን ጎረቤታችንን «ሲደርቅልህ ትገባለህ» ብለው ከደጅ የመለሱት ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን ጠምጥመው ገቡ፤ አንድ በዓል አላጎደሉም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አልነበር?» ብዬ ጮህኩባቸው። ተናድጄ ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አቀርቅረው ሳያቸው ደግሞ አንጀቴን በሉት።

ሐኪሙ ቁስሉን ሲያይ ደስ ያለው መሰለኝ፤ ወዲያው ደስ በማለቱ አፈረ። ሲፈልገው የከረመው ምንጭ ይህ ነበር። ቁስሉ ዘልቆት ለዓመታት ያመረቀዘው አጥንት ነው ሰውነታቸውን ያንን ክፉ ፕሮቲን ሲያስመርት የኖረው። አጥንቱ ካልጸዳ፣ ምናልባትም እግሩ ካልተቆረጠ፣ ኩላሊታቸው እንደማይተርፍ ነገረን። አባቴ «አስብበታለሁ» ብለው ተነሡ።

ማሰቡ ብዙ ሳምንት ፈጀ። ለንስሐ አባታቸው ተናገሩና ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ተዉ። እሑድ ሲመጣ ነጭ ለብሰው፣ ከቅጥሩ ውጪ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። አብረዋቸው ያረጁት ደባትር እየወጡ «ምነው፣ ምን አገኘዎት?» ሲሏቸው «እግሬ ቆስሏል» ብለው በአጭሩ ይመልሳሉ። እኔ ከኋላቸው እየተንቆራጠጥኩ ስለ ኩላሊት እጥበት እሰብክላቸዋለሁ፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ መርፌው፣ ወረፋ ስለሚጠብቀው ሰው። «ሰው ሟች ነው» ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ ድንጋይ አንሥቼ ብወረውር ደስታዬ ነበር፤ በማን ላይ እንደምወረውረው ግን አላውቅም።

አንድ እሑድ ውስጥ የሚመራው ሰው ዜማውን ሳተ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ትክክለኛውን በለሆሳስ አዜሙት፤ ከግንቡ ወዲያ ማን ይሰማቸዋል። እንደገና ሳተ። በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት። ዳገቱን ስንወርድ «ያ ልጅ፣ ሐኪሙ፣ ቢቆረጥ ቁስሉ ይደርቃል ነው ያለው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይደርቃል። ኩላሊቱም ቢሆን . . .»

«ኩላሊቱን ተይው።»

የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አየው። በመፋቅ የሚተርፍ አጥንት አልነበረም፤ እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። ይህን ላለመናገር ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ አባቴ አቋረጡት።

«ቦታው ይደርቃል?»

«ከዳነ በኋላ ይደርቃል።»

«ደምም መግልም አይወጣውም?»

«አይወጣውም፣ አባቴ።»

«እንግዲያማ ቁረጡት። በመቋሚያ መቆሙን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

እኔ ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ በሰው መሐል፣ አለቀስኩ። ለኩላሊታቸው ስል በጋውን ሙሉ ስለምናቸው ያልሰጡኝን እሺታ እንዲህ በአንድ ቃል ሲሰጡት ደስ ብሎኛል፤ ቅናትም ብጤ ተሰምቶኛል።

ቁስሉ እንደ እኔ አልቸኮለም፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው በደንብ የደረቀው። የፕሮቲኑ መፍሰስ ቀንሷል፣ አልቆመም። ቫይታሚን ዲው ከፍ ብሏል፣ ጠብታውም አልተቋረጠም። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ይላል፤ እኔ ይህን ቃል እጠላዋለሁ። ውጤት ለመቀበል በሄድኩ ቁጥር ወረቀቱን ከመግለጤ በፊት ዛሬም ድረስ እፈራለሁ።

የንስሐ አባታቸው ከፈቀዱላቸው በኋላ፣ ለመጀመሪያው በዓል ዋዜማ በባጃጅ አደረስኳቸው። ሲነጋ ተመልሼ በሩ ላይ ስንቆራጠጥ ቆየሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ በሁለት ደባትር ተደግፈው ወጡ፤ ጥምጣማቸው ላብ ነክቶታል፣ የቀረችው እግራቸው ትንቀጠቀጣለች። ሮጬ ክራንቻቸውን አቀበልኳቸው። አበጠ ወይ፣ ደከመዎት ወይ፣ ክኒንዎን ዋጡ ወይ እያልኩ ጥያቄውን አዘነብኩት።

«ሁሉም ደህና ነው» አሉኝ። ባጃጁ ውስጥ ገብተው ተደላደሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«እዚያ ቦታ ሳልፈራ ስቆም፣ ልጄ፣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»