በሞቴ የማይባልበት አገር

ጀርመንኛን እኔ አልመረጥኩትም፤ ደረሰኝ። የፈለግኩት ሕግ ነበር፤ እሱ ካልሆነ አካውንቲንግ። ምደባው ሲለጠፍ ግን ስሜ የተገኘው ጀርመንኛ ቋንቋና ባህል ከሚለው ሥር ነው። ወሬው አሰላ ሲደርስ ሰፈሩ ሌላ ነገር ሰማ፤ «ጀርመን ልትሄድ ነው» ተባለ። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ሱቃችን ደጃፍ የሚያገኘኝ ሁሉ «መቼ ነው?» ይለኛል፣ እናቴም ከባንኮኒው ጀርባ ሆና «ኢንሻአላህ» ትልልኛለች። ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ሰዉም መጠየቁን ትቶታል፤ እኔም መመለሱ ሰልችቶኝ ነበርና ተገላገልኩ።

ከዚያው አገር የመጣች መምህርት ነበረችን። አንድ ቅዳሜ የተወሰንን ተማሪዎችን ለምሳ ቤቷ ጠራችን። ለግብዣው ብዬ ቁርስ እንኳ አልበላሁም። ከአሰላ ድንች ሸሽቼ አዲስ አበባ ብገባ፣ ጠረጴዛው ላይ የጠበቀኝ ያው ድንች ነው፤ ቢሆንም ሽታው አንጀት ያርሳል። «ላውጣልሽ?» አለችኝ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ያው እንደ ወጉ ነው፤ እንግዳ መጀመሪያ አይ ይላል፣ ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ እንግዳው ትንሽ ይግደረደርና በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ይበላል። እሷ ግን «እሺ» አለችና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች። እሱም የአገሬ ልጅ ነውና አይ አለ። ሁላችንም ተራ በተራ አይ አልን። ለራሷ አወጣችና ደስ ብሏት እያወራችን በላች፤ እኛ ውሃ ጠጣን። ስንወጣ መንገድ ዳር ቆመን ፓስቲ በላን፣ እየሳቅን፣ ትንሽም እየተናደድን።

ተመርቄ ስመለስ ጀርመንኛዬን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ስኳርና ሳሙና ስሸጥ ብዙ ዓመት አለፈ። ከዚያ ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች የሚል ወሬ አርሲን አዳረሰ። ከጎበሳም ከዲክሲስም እየመጡ «አንቺ ነሽ አሉ የምትችይው» ይሉኝ ጀመር። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርጌ አግዳሚ ወንበር ደረደርኩባት። ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ከቴፕ የሚደመጠውን ንግግር የወንዱንም የሴቷንም እኔው አነባለሁ። ንግግሩ ብዙውን ጊዜ ስለዘገየ ባቡር ነውና፣ በሕይወቴ ያልተሳፈርኩበትን ባቡር ስንት ጊዜ አዘግይቼዋለሁ!

ከተማሪዎቼ አንዷ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ እሷም ነርስ ናት። የባህል ትምህርት ስንደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ የዚያን ቅዳሜ ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ እኔ ጀርመን ሆንኩና ዳቦ ቆርሼ እየዞርኩ «ትበያለሽ?» እላለሁ፤ ለይሉኝታ አይ ያለች ልጅ ዳቦዋ ያልፋታል።

«ኧረ እኛ ጋ ሦስቴ ኮቱ ኛዱ፣ ና ብላ ሳይባል ማን እጁን ይዘረጋል?» አለች የዲክሲሷ ልጅ፣ እውነትም ተቀይማ።

«እዚያ አንዴ ነው የሚጠየቀው» አልኳት። «የመጀመሪያው ቃልሽ ቃልሽ ነው።»

እህቴ ተራዋ ሲደርስ ዳቦውን ከእጄ ነጥቃ ጎረሰች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያው ሰሞን እናታችንን ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ፤ ቃሉም ከአፏ በግማሽ ነው የሚወጣው። ለማጠብም ለማገላበጥም ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ብብቷን እይዛለሁ፣ እህቴ እግሯን። እኩል እንድናነሳ እንቆጥራለን፣ ከልምምዱ ብዛት በጀርመንኛ፤ «አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ!» ሦስት ላይ ትነሳለች። እናቴ በዚያች ግማሽ አፏ «ፈረንጅ አደረጋችሁኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

እህቴ ፈተናውን አለፈች፤ ሥራውም ቪዛውም ተሳካላት። ልትሄድ ጥቂት ሲቀራት፣ እናታችንን አጥበን ጨርሰን ጨርቁን ስትጨምቅ፣ አንገቷን እንደደፋች «እታለም፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ» አለችኝ።

«ምን ሆነሻል? ሂጂ እንጂ!» አልኳት።

እንድትቀር ፈልጌ ነበር። መፈለግ ብቻ አይደለም፣ ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼው ነበር። ግን የመጀመሪያው ነው፤ በመጀመሪያው ማን ቅሪ ይላል? አንዴ ብትደግምልኝ «እስቲ ትንሽ ቆዪ» እላት ነበር። ሦስተኛ ብትለኝ አለቅስ ነበር። እሷ ግን «እሺ» አለች፤ ጨርቁን አራግፋ አሰጣችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ ትምህርቱ የገባት እሷ ናት ብዬ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

እሷ ከሄደች በኋላ እናቴን በአንሶላ እየጎተትኩ ማገላበጥ ለመድኩ። ወገቤ ማታ ማታ አያስተኛኝም። አጠገባችን ቅመም የሚሸጡ ትልቅ ሴትዮ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው «አደራችሁ? ላግዝሽ እንዴ ልጄ?» ይሉኛል። «ኧረ አይቸገሩ» እላቸዋለሁ። «አላህ ያሽራት» ብለው ወደ ሱቃቸው ይመለሳሉ። ሁለታችንም የምንለውን እናውቃለን።

አንድ ዝናባማ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እኔ የአንሶላውን ጫፍ ይዤ አልጋው ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ከዚያ መነሳት አቅቶኛል።

«ላግዝሽ እንዴ ልጄ?»

«አዎ፣ ያግዙኝ» አልኳቸው።

ደነገጡ። ፈገግታቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ ዓይናቸው ወደ ሱቃቸው ዞረ። የጠየቁኝ አይ እንድላቸው ነበር። ያን ፊት ሳይ እህቴ ያን ቀን ለምን አንገቷን እንደደፋች ገባኝ። ቅሪ ብላት ኖሮ የማየው ይህንኑ ፊት ነበር። እሷም እንደ እኔው የዚሁ አገር ልጅ ናት።

ሴትዮዋ ግን ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ፣ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ።

«የቱ ጋ ልያዝ?» አሉኝ።

«እግሯን።»

እኔ ብብቷን ያዝኩ። አፌ ግን አልቆጥር አለኝ። ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን ስንጠባበቅ፣ እናቴ ከመሃላችን ሆና በዚያች ግማሽ አፏ ቀስ ብላ «አይንስ፣ ጽቫይ» አለች።

ሦስተኛውን እኔ ጨመርኩላት።