አባቴን የማይንጥ መኪና

አባቴ አከርካሪው ላይ ዕጢ ከወጣበት በኋላ መቀመጥ አቃተው። ለጨረር ሕክምና ስወስደው የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ ወገቡን በትራስ ደግፌ አስተኛዋለሁ። ቤታችን ለቡ ነው፤ መንገዱ እየተሠራ ስለነበር እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮረኮንች ብቻ ነው። አሮጌዋ መኪናዬ ጉድጓድ በነካች ቁጥር ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥር አባቴ የበሩን እጀታ ጨብጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን መካኒሳ ስንደርስ «አቁሚ» አለኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ፊቱ በላብ ርሷል።

«የኋላው ሾክ አብዞርበር አልቋል» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ጎማው መሬት አይዝም። አይሰማሽም?»

አልተሰማኝም ነበር። እኔ የምሰማው የሱን ጥርስ መፋጨት ነው።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ በጠዋት ጎፋ ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ የመኪናዋን ጀርባ ተጭኖ ለቀቃት። ስትወዛወዝ ቆየች። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና፣

«የኋላዎቹ ሾኮች ዘይት ፈሶ አልቋል፣ እህቴ። የፊቶቹም ደህና አይደሉም፤ ሁሉም ይቀየሩ» አለኝ።

«ለከሰዓት ይደርስልኛል? አባቴን ሐኪም ቤት የማደርሰው በሷ ነው።»

«ይደርሳል።»

ግን የአንዱ ቡሎን ዝጎ አልፈታ አለ። ዘይት አፈሰሰበት፣ በመዶሻ መታው፣ በእሳት አሞቀው፤ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡም ጀመረ። ታክሲ ልላክልህ ብዬ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ሌላ ሰው እንዳንቺ ቀስ አይልልኝም» አለ። «እጠብቅሻለሁ።»

ወደ መካኒኩ ተመለስኩና «ወንድሜ፣ እባክህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የብረት መጋዝ አንስቶ ቡሎኑን ይቆርጠው ጀመር።

እንደጨረሰልኝ ወደ ቤት በረርኩ። ከጎረቤታችን ጋር አባቴን ደግፈን አስገባነውና ጉዞ ጀመርን። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ቀጥ ብላ ወጣች፤ አልዘለለችም። በደስታ ወደ አባቴ ዞርኩ። እጀታውን እንደጨበጠ ነው። እንባው በጉንጩ ሳይሆን ወደ ጆሮው ይወርዳል።

«አባዬ፣ አልተስተካከለም እንዴ?»

«ተስተካክሏል። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራልሽ።»

የሚያሳምመው የመኪናዋ መዝለል ነው ብዬ ስንት ተስፋ አድርጌ ነበር። መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ወደፊትም ወደኋላም ያው ኮረኮንች ነው። ከኋላዬ ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ።

«ንጂ፣ ልጄ» አለ። «መንገድ አትዝጊ።»

ነዳሁ። የዚያን ቀን አደረስኩት።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልብሱን አልብሼ፣ ጫማውን አድርጌለት ሳበቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከእንግዲህ አልሄድም። አንቺም አትለምኚኝ።»

ለመንኩት። አልጋው ሥር ተንበርክኬ ለመንኩት። እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ሐኪሙን ባናግር ብዬ ሆስፒታል ደጋግሜ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ከዚያ ጫማውን መልሼ አወለቅኩለት።