የወንድሜ ራስጌ

ታናሽ ወንድሜ የሞተው መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ነው። ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ የወደቀው ኮሶዬ፣ እናታችን ቤት ነበር፤ ሐኪሙ ያለው ደግሞ ጎንደር፣ እኔ ያለሁበት። ደህና ቀን ቢሆን በማኪና ሰዓት አይሞላም። ተኩሱ አላሳልፍ ብሎ እሱ እዚያ ሲያቃስት፣ እኔ ፒያሳ የስፌት ማኪናዬ ፊት ተቀምጬ ስልክ እሞክራለሁ፤ ኔትወርክ የለም። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው ማኪና ሄድኩ። የቀበሩት አጎቴና ሦስት ጎረቤቶች ናቸው። ተኩሱ ስለበረታ እናቴን ከቤት አላስወጧትም፤ የልጇን መቃብር ያየችው እኔ ከደረስኩ በኋላ፣ እኔን ተደግፋ ነው። ደረቷን ትደቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አጎቴ ለምልክት ትልቅ ድንጋይ አቁሞ ነበር። እሷ ግን ያን ድንጋይ ታያለች።

«አያ፣ ይሄ ድንጋይ ራስጌው ነው ግርጌው?» አለችው አብሮን የመጣውን አጎቴን።

ራስጌው ነው አላት። ይህን ብሎ እሱም ቀና አለና ድንጋዩን፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኑን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ጌታ ዳግመኛ የሚመጣው በምሥራቅ ነውና፣ ሙታን ተነሥተው ቀና ሲሉ ፊት ለፊት እንዲያዩት። የአጎቴ ድንጋይ የቆመው በምሥራቅ በኩል ነው። ወንድሜ በዚያ ቀን ቀና ቢል ለጌታው ጀርባውን ሰጥቶ ነው።

አጎቴ እየተንተባተበ አስረዳን። ጉድጓዱ በወጉ ተቆፍሮ ነበር። ሬሳውን ይዘው ሲመጡ በደጀ ሰላሙ በኩል ጥይት በረታ፤ ዞረው በኋላው በር ገቡ። ጉሙ እጅ አያሳይም። በመጡበት አኳኋን፣ ራሱ ወደ ምሥራቅ እንደሆነ አወረዱት፣ አፈር መለሱበት፣ ሮጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እህል ቢሆን ይለቀማል፣ ይሄ በምን ይለቀማል?

ከዚያ ወዲያ እናቴ እህል አልቀምስም አለች። መቃብሩ ተከፍቶ ልጄ ካልዞረ አለች። የንስሐ አባቷ፣ ወንድሜን ክርስትና ያነሡት ሽማግሌ ቄስ፣ ፍትሐት የተደረሰለት ሰው ከእረፍቱ አይነካም ብለው እምቢ አሉ። አጎቴ አፍሮ ከቤቱ አልወጣ አለ። ጎረቤቱ ግማሹ እውነቷን ነው ይላል፣ ግማሹ ኀዘኑ ራሷን አዞረው ይላል። እኔ ሁሉንም ጠላኋቸው፤ ከሁሉ አስቀድሜ እሷን። እንጀራ አቀርባለሁ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከንፈሯ ደረቀ፣ ስትነሣ መንገዳገድ ጀመረች። ሁለት ሰው ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ምላሴ ክፉ ነው።

«ምነው እማዬ! እሱን የገደለው የሐኪም እጦት እንጂ የራስጌ ነገር ነው እንዴ?» አልኳት።

አልተቆጣችም። «የሐኪሙ ነገር አለፈ፤ እሱን አልመልሰውም» አለች። «እኔ የቀረኝ ያ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ያበላሹብኝ?»

እንጀራውን አንሥቼ ወጣሁ።

አንድ ጠዋት ስነቃ መደቧ ባዶ ነው። ከበሩ ኋላ የሚቆመው ዶማም የለም። ጫማ ሳላደርግ ሮጥኩ። ጉሙ እንደዚያ ቀን ነው፤ ከወደ ታች ደግሞ ተኩስ ይሰማል፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይለይም። መቃብሩ ጋ ስደርስ አፈሩን ጭራ ጭራ ዶማውን እንደገና አንሥታለች። እጀታውን ያዝኩባት። ስንት ቀን እህል ያልቀመሰች ሴት ያን ጉልበት ከየት አመጣችው? ስንጓተት ቄሱ ኪዳን አድርሰው ብቅ አሉ። አሁን ይገዝቷታል ብዬ ደነገጥኩ።

አልገዘቷትም። ድንጋዩ አጠገብ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ በዚያ ቀን ሙታንን የሚጠራቸው ማነው?»

«ጌታ ነዋ።»

«ታዲያ ሰው ሲጠሩት ወዴት ይዞራል?»

እፎይ አልኩ፤ በቃ፣ ገባት ብዬ። እናቴ ግን አሰበችበትና ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ይሄ ልጅ በአንድ ጥሪ ዞሮ አያውቅም፣ አባ። ሄጄ ክንዱን ካልያዝኩት አይሰማም።»

ቄሱ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣና በጋቢያቸው ሸፈኑት። እሷ አልሳቀችም። ከመቃብሩ ጎን ያለውን ባዶ ሣር ትመለከታለች። ዶማውን ድንገት ስትለቀው እኔ ወደ ኋላዬ ልወድቅ ነበር።

«ይህቺ ሸጋ ቦታ ናት፤ ለእኔ ትሁን» አለች። «እኔን ሳትቸኩሉ በወጉ ቅበሩኝ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ። ስነሣ ክንዱን ይዤ አዞረዋለሁ።»

ያንቺ ናት አሏት ቄሱ።

እኔ ስለ ዳግም ምጽአት ሲሰበክ የምሸሽ ሰው ነበርኩ። በየዓመቱ ደብረ ዘይት ሲመጣ ከቅዳሴው ወጥቼ ዛፍ ሥር እቆማለሁ፤ እሳቱና ፍርዱ እንጂ ሌላው አይታየኝም። በዚያ ቀን ሥራ የሚጠብቀው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቴ ግን ሥራ አላት። ያን ቀን እንደ ቀጠሮ ነው የምትጠብቀው፤ እኔም እሷን እያየሁ መጠበቅ ጀምሬያለሁ።

ተኩሱ ሳይቆም ቁልቁል ወረድን። ቤት ስንገባ መደቡ ላይ ተቀመጠችና የሚበላ ምን አለ አለችኝ። ሽሮ በእንጀራ አቀረብኩላት። ጠራርጋ በላችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ጨምሪልኝ» አለች። «እሱን ማዞር ጉልበት ይፈልጋል።»

ጨመርኩላት።