በአቮካዶ የሚሠራው ወፍጮ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም ሳይንስ አስተምር በነበረበት ወቅት ነው። ቅናት ከድንቁርና ይመጣል ሲባል እሰማለሁ። የእኔ የመጣው ከንባብ ስለሆነ አልረሳውም።

የናፍጣ ሞተር ድሮ በለውዝ ዘይትም ተሞክሮ እንደነበር አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ። ይህንኑ ለተማሪም፣ ለባልደረባም፣ ጠላ ቤት ላገኘሁትም ሁሉ አወራ ነበር። እንኳን ሞተር፣ የላምባ ምድጃ እንኳ ፈትቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮዎች ሁሉ ቆሙ። በቡሬ መንገድ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ወፍጮ ግን ይሠራል ሲባል ሰማሁና ቅዳሜ ሄድኩ። የወፍጮው ሠራተኛ ጋሼ ጥሩነህ የሚባሉ፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጡ ሰው ናቸው። በአቅራቢያው ካለ የፍራፍሬ እርሻ፣ መኪና አጥቶ የሚበሰብሰውን አቮካዶ በአህያ ያስመጣሉ። ሥጋውን ፀሐይ ላይ አድርቀው በኑግ መጭመቂያ ይጨምቁታል። ዘይቱን በጨርቅ አጥልለው፣ አሙቀው ለሞተሩ ይሰጡታል።

ወረፋ የያዘች ሴት "ሞተራችን ጿሚ ሆኗል መምህር፤ ከፍሬ በቀር አይቀምስም" አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

"ሲቀዘቅዝ ረግቶ ቱቦውን አይደፍንብዎትም?" አልኳቸው። ይህቺን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ሳሰላት ነበር የመጣሁት።

"ደፍኖብኝ ነበር እንጂ፣ ሁለት ጊዜ። አሁን በናፍጣ አስነሣዋለሁ፤ ሲሞቅ ወደ ዘይቱ አዞረዋለሁ። ላጠፋው ስል ደግሞ በጥቂት ናፍጣ አጥበዋለሁ።" የቀረቻቸውን ናፍጣ በጠርሙስ አሳዩኝ። "መጽሐፉስ እንዴት ይላል መምህር?"

መጽሐፉ እዚያ አልደረሰም። ተሰናብቻቸው ሄድኩ።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር አስጠሩኝ። ሞተሩ እንዳይበላሽ ሰግተው የተማረ ሰው ቃል ፈልገዋል። ጋሼ ጥሩነህ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። የሚመሰክርላቸው ሰው የመጣ መስሏቸዋል።

"ዘይት ይረጋል። ውሎ አድሮ ሞተሩን ይገድለዋል" አልኩ።

"ታጥቦም?" አሉ ጋሼ ጥሩነህ፣ ቀስ ብለው።

"ታጥቦም።"

ይህን ስል እውነት አለመሆኑን አውቅ ነበር። ሞተሩ መታጠብ ከጀመረ ወዲህ ለሁለት ወር በዘይቱ ሲሠራ ምንም አልሆነም።

በዘይት መሥራቱ ተከለከለ። ናፍጣ እስኪመጣ ወፍጮው ቆመ፤ ሴቶቹም ልጅ አዝለው ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። ጋሼ ጥሩነህ ይከራከሩኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር" አሉኝ። "ተሳስቻለሁ። የሰው ንብረት ላጠፋ ነበር።"

ዛሬ የሠሩትን ለተማሪዎቼ እናገራለሁ፤ ስማቸውንም እጠራለሁ። ይህን ንስሐ የሚለው ካለ ይበል። የጀመርኩት ግን ከሞቱ በኋላ ነው። ደግሞም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ያ ሰው ሳይሳሳት "ተሳስቻለሁ" ማለት ቀለለው። እኔ አጥፍቼም ይህቺን አንዲት ቃል በሕይወት ሳሉ አልነገርኳቸውም። እስከ አሁን የምቀናባቸው በእሷ ነው።