ለገዥው የተጻፉ ሦስት ጥያቄዎች፤ ከወሰን እስከ እንጦጦ

በጥቅምት ማለቂያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አራት ሆነን ከወሰን ተነሣን። የምንሄደው የወረዳችንን ገዥ ለመጠየቅ ነበር። ገዥው ደኑን ለመጎብኘት ወደ እንጦጦ ወጥተው ድንኳን አስተክለዋል፤ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የሕዝብ አቤቱታ ይሰማሉ ተብሎ ነበር። ጽሕፈት ቤታቸው ሦስት ጊዜ ሄደን ሦስቱንም ጊዜ «ነገ ተመለሱ» ስለተባልን፣ ተራራውን መውጣቱ ይሻላል አልን።

ያን ጊዜ፣ በአምሳዎቹ ዓመታት፣ ወሰን የጤፍና የስንዴ ማሳ መሐል ያለች መንደር ነበረች። እኔ ከመንዝ መጥቼ እዚያ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነበር። የምኖረው በአባባ ዲንቃ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። አባባ ዲንቃ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከኛ ጋር ቀስ እያሉ በአማርኛ ያወራሉ። መንደሩ ተናገሩልን ብሎ የመረጠው እሳቸውን ነው።

ሁለተኛዋ እትዬ የሺ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ከየካ ተራራ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ እየሸጠች አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሦስተኛው ሸማኔው አንጁሎ ነው። ከጨንቻ ከመጣ አምስት ዓመቱ፤ ሚስቱን ይዞ በዚያው በአባባ ዲንቃ ግቢ ከኔ ክፍል ቀጥሎ ይኖራል። ጥያቄዎቹን የጻፍኩት ደግሞ እኔ በመሆኔ ወረቀቱን ያዝ ተባልኩ።

ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው፣ መንደሩ ለውሃ ቧንቧ ያዋጣው ገንዘብ በወረዳው በጀት ገብቷል ከተባለ ወዲህ የት እንደደረሰ ነው። ሁለተኛው፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡና የነዋሪነት ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እስከ ሰኞ ድረስ ወደየትውልድ አገራቸው ይመለሱ የሚለው ትእዛዝ ነው፤ እኔ በመምህርነቴ ወረቀት አለኝ፣ አንጁሎ ግን የለውም። ሦስተኛው የማገዶ ነገር ነው። የደን ጠባቂዎች የወደቀ ቅጠል እንኳ እንዳይነሣ ከልክለዋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ደግሞ መንደራችንን በላይ በላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይወርድልንም። ታዲያ በምን እናብስል?

ሌሊቱን ሦስቴ ገልብጬ ጽፌዋለሁ። እውነቱን ለመናገር በጽሑፌ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ከኮተቤ እስከ የካ ሚካኤል

ከዋናው መንገድ ጋሪ አገኘን፤ ለሰው ስሙኒ። ባለጋሪው ሽማግሌውን አይቶ ከፊት ከጎኑ አስቀመጣቸው። ሜዳው ላይ ውርጭ ወርዶ ስለነበር ያልታጨደው ጤፍ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። አንጁሎ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጋቢ ነው። ለጌታው።» ወደ መንገዱ ዳር እያየ ነበር የመለሰልኝ። «አንድ ወር ሠራሁት። ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ሚስቴ።»

አባባ ዲንቃ ከፊት ዞር ብለው ጥቅሉን አዩት።

የካ ሚካኤል ስንደርስ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካለች ሻይ ቤት አሥር አሥር ሳንቲም ከፍለን ሻይ ጠጣን። እትዬ የሺ ከመቀነቷ ፈታ የስንዴ ቆሎ አካፈለችን። የሻይ ቤቱ ባለቤት ወዴት እንደምንሄድ ጠይቆ ሲረዳ፣ «እንጦጦ? በከተማው ዞራችሁ በሽሮ ሜዳ ብትወጡ መንገዱ ይሻላል» አለን።

«በመኪና ለሚሄድ ነው የሚሻለው» አለች እትዬ የሺ። «በዋሻ ሚካኤል ወጥተን ጀርባ ጀርባውን ከሄድን እኔ አደርሳችኋለሁ።»

ዳገቱ

ከዚያ በኋላ መሪያችን እሷ ሆነች። መንገዱ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶች መንገድ ነው፤ በብዙ ዓመት እግር የተቦረቦረ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ። የት እንደሚያንሸራትት፣ የቱ ድንጋይ ለማረፊያ እንደሚመች ታውቃለች። «እዚህ ሸክም ያሳርፋሉ» ትለናለች፤ እናርፋለን። የያዘችው ነገር ስለሌለ እጇን የት እንደምታደርገው የጠፋባት ትመስል ነበር።

ዋሻ ሚካኤል፣ ያ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ፣ ሁላችንም ተሳልመን ተቀመጥን። አባባ ዲንቃ ፊታቸው አመድ መስሏል። ላባቸው ሳይደርቅ የተራራው ነፋስ መታቸውና መንቀጥቀጥ ጀመሩ። የለበሱት ቡልኮ አርጅቶ ሳስቷል። እኔ ኮቴን ላውልቅ ብዬ ስጀምር አንጁሎ ጥቅሉን ፈቶ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው። ጥለቱ ቀይና ቢጫ ነበር።

«ይሄ የሹሙ ነው» አሉት።

«ሹሙ አልበረደውም» አለ አንጁሎ።

ሊያወልቁት ሲሞክሩ እጃቸውን ያዘው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ደረታቸው ላይ አጣፋላቸው፤ አንገታቸው ሥር ነፋስ እንዳይገባ በጣቱ ጠቀጠቀው። ሽማግሌው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። አንጁሎ ራሱን ነቀነቀ። አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ሁለቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚግባቡ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ በተራራው ጀርባ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄድን። በስተግራ ከተማው፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እያብረቀረቀ እስከ ቦሌ ሜዳ ድረስ ይታያል፤ ከዚያ ማዶ የረር፣ በሩቅ ደግሞ ዝቋላ። በስተቀኝ የሱሉልታ ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ነው። በባሕር ዛፉ መሐል ስናልፍ ደረቁ ቅጠል ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። እትዬ የሺ አንድ ቦታ ቆም ብላ መሬቱን አየችው። «የሁለት ሳምንት ማገዶ» አለችና አልፋ ሄደች።

እንጦጦ

አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። ድንኳኑ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ወዲህ ሜዳው ላይ ተተክሏል፤ አጠገቡ አቧራ የለበሰ ጂፕ መኪና ቆሟል። ከየመንደሩ የመጣ ሰው በየዛፉ ሥር ተቀምጧል። አንድ ጸሐፊ ስማችንን መዝግቦ፣ «ከአንድ መንደር አንድ ጉዳይ ብቻ» አለን። «ጌቶች ስድስት ሰዓት ላይ ይወርዳሉ።»

«እኛ ሦስት ነው የያዝነው» አልኩ።

«አንዱን ምረጡ» አለና ወደ ሌሎቹ ሄደ።

ወደ አንድ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ውሃው የሁሉም ነው፤ መንደሩ በሙሉ ያዋጣበት ነው፤ ስለዚህ የበጀቱ ጥያቄ ይቅረብ አልኩ። ያልተናገርኩት፣ በደንብ የጻፍኩት እሱን መሆኑን ነው።

አንጁሎ ተስማማ። «መንደሩ የላከን ለውሃው ነው» አለ። «እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ነኝ።»

እትዬ የሺ ከእግሯ ሥር ያለውን ደረቅ ቅጠል አየች። ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ ቅጠል ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ ይቅረብ ብትል ማንም አይፈርድባትም። «ውሃውን ከወንዝ መቅዳት ለምደናል» አለች በመጨረሻ። «ቅጠሉንም ተደብቄ እለቅማለሁ፤ ሲይዙኝ እለምናለሁ። የሱ ግን ሰኞ ነው።»

አባባ ዲንቃ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ጨርሰናል» አሉ።

ተራችን ሲደርስ ገዥው ከአንዲት የሸራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ካፖርት ለብሰዋል፤ ያስላቸዋል፤ የደከማቸው ሰው ናቸው።

«ሽማግሌ፣ ምን ፈለግህ?» አሉ።

አባባ ዲንቃ እጅ ነሡ። «ጌታዬ፣ የመጣሁት ስለ ውሃ ልጠይቅ ነበር። ውሃው ይቆይ። ይሄ ሰው ጎረቤቴ ነው። ሰኞ አገርህ ግባ ተብሏል። ለምንድን ነው?»

«ከየአገሩ የሚፈልሰው ሰው በዛ። ከተማው አልቻለም፤ ትእዛዝ ነው። ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

ሽማግሌው አማርኛው እንዳይጠፋባቸው እየተጠነቀቁ፣ አንድ አንድ ቃል እየመረጡ ተናገሩ። «ልጅ ወልዷል። ልጁ የተወለደው እኔ ግቢ ነው። እትብቱን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ ከወይራው ሥር። ጌታዬ፣ አባትየው አገሩ ጨንቻ ነው፤ እሺ፣ ይሂድ። ልጁ ግን አገሩ የት ነው? እሱን ወዴት ግባ ልበለው?»

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። ገዥው አንጁሎን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ «ዋስ አለህ?» ብለው ጠየቁት።

አንጁሎ አፉን ከመክፈቱ በፊት አባባ ዲንቃ፣ «እኔ» አሉ። ከኋላዬ እትዬ የሺ፣ «እኔም» አለች። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ሦስተኛ በመሆኔ ትንሽ አፍራለሁ።

«ሴት ዋስ አትሆንም» አለ ጸሐፊው።

«ጻፋት» አሉ ገዥው። «በሦስት ዋስ ይኖራል በል። ወረቀቱንም ዛሬ ስጠው።»

እጅ ነሥተን ልንወጣ ስንል ገዥው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩና ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ሦስቱንም ጥያቄ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ «ይሄ የቧንቧ ገንዘብ?» አሉት።

«በአምናው በጀት ተይዞ ነበር፤ ኋላ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል።»

«ወደ የትኛው ሥራ?»

ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠ። ገልጦ ገልጦ ዘጋው።

ገዥው ሳላቸውን ጨርሰው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አሉ። ቅድም «አንተ» ያሉትን ሰው ነው። «የት እንደሄደ አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ልሸኛችሁ አልፈልግም። ከገና በኋላ ጽሕፈት ቤት ኑ፤ አጣርቼ እጠብቃችኋለሁ።»

ስለ ማገዶው ግን ፊታቸው አልተፈታም። ደኑ ካልተጠበቀ ተራራው ይራቆታል፤ መብራቱም በሳቸው እጅ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

እትዬ የሺ ነጠላዋን አስተካክላ ወደፊት መጣች። «ጌታዬ፣ መጥረቢያ የለኝም። የወደቀውን ነው የማነሣው። የወደቀውን ማንሳት ዛፉን ምን ይጎዳዋል?»

ገዥው ከድንኳኑ ውጭ ያለውን ደን አዩ። «ማክሰኞና ዓርብ» አሉ በመጨረሻ። «ደረቅ ቅጠል ብቻ። ለጠባቂዎቹ ይነገራል።»

በሳምንት ሁለት ቀን ለአራት ልጆች አይበቃም። እሷ ይህን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። እጅ ነሥታ ወጣች።

መልስ

የመጣንበትን መንገድ ተመለስን። ማርያም አጠገብ ካለች ሴት የሃያ ሳንቲም ባቄላ ንፍሮ ገዝተን እየበላን ነበር የሄድነው። አንጁሎ የተሰጠውን የነዋሪነት ወረቀት ማንበብ ስለማይችል ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ስሙ ያለበትን ቦታ ብቻ በጣቴ አሳየሁት። በየካ ቁልቁለት ላይ አባባ ዲንቃን ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው።

በደረቁ ቅጠል መሐል ስናልፍ እትዬ የሺን ቀስ ብዬ፣ «አዘንሽብን?» አልኳት።

«በምን?»

«ያንቺ ጉዳይ መጀመሪያ ቢቀርብ ኖሮ…»

«መምህር፣» አለችኝ ሳትቆም፣ «እኔን የሚያስቸግረኝ ነገር ነገም አለ። ነገ ያልነበረው እሱ ነው።» ጥቂት ሄዳ ደግሞ፣ «ማክሰኞ አንተም ና። ትምህርት ቤት የምታፈላው ሻይ የሚፈላው በኔ ቅጠል አይደል?» ብላ ሳቀች። ማክሰኞ ማስተማር አለብኝ አልኳት። ዓርብም ታስተምራለህ አለችኝ።

ወሰን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባን። ሰው በአባባ ዲንቃ ግቢ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። አንድ ጎረምሳ ገበሬ፣ «የላክናችሁ እኮ ለውሃው ነው» አለ፤ ጥቂቶችም አጉረመረሙ። አባባ ዲንቃ ጋቢውን እንደለበሱ፣ «ውሃውን ከገና በኋላ እንጠይቃለን፤ አንተም ትመጣለህ» አሉት። ሰው ቀስ በቀስ ወደየቤቱ ሄደ።

የአንጁሎ ሚስት ቦጋለች ከደጃቸው ላይ ቁጭ ብላ የታሰረ ጓዝ ትፈታ ነበር። ምጣዱን፣ ሁለቱን ሰፌድ፣ የሽመና ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ቤት ታስገባለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ግን እጇ አልቆመም። ሕፃኑ ከጎኗ አጎዛ ላይ ተኝቷል።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ከገና በኋላ የምንይዘውን ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። እንደ ፊተኛው «እኛ የመንደሩ ነዋሪዎች» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬ ቆመ። ያን ሁሉ ዳገት ይዤው በወጣሁት ወረቀት ላይ የማንም ሰው ስም አልነበረበትም። ገዥውን ያናገራቸው የኔ ጽሑፍ አልነበረም። ጎረቤቱን አውቀዋለሁ ብሎ የቆመ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተጋርቼ፣ ማታ ማታ ልቅሶውን እየሰማሁ፣ የዚያን ሕፃን ስም አላውቅም።

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ቦጋለች የመጨረሻውን ገመድ እየፈታች ነበር።

«ልጁን ማን አላችሁት?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ ናቸው ያወጡለት» አለች። «በሳቸው ቋንቋ ደስታ ማለት ነው። ገመቹ።»

ከወረቀቱ ራስ ላይ ጻፍኩት።