ጎረቤቴን ብቻ ጠየቁት

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። እምቦጩ ሐይቁን ካለበሰው በኋላ ነው፤ ደንገል ለመቁረጥም ራቅ ብለን መሄድ ጀምረን ነበር። እኔ ታንኳ ሠሪ ነኝ። ደንገሉን አደርቃለሁ፣ አስራለሁ፣ ዓሣ ለሚያጠምዱት እሸጣለሁ። ጎረቤቴ ዓሣ ነጋዴ ነው። እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ በዕድሜ ግን እኩዮች ነን። በግቢያችን መካከል ያለው አጥር የሸንበቆ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያወራነው በዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ለጥናት የመጡት ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ በየበሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፉ። አባወራው ማነው፣ ስንት ነፍስ አለ ብለው ሄዱ። ኋላ የሚጠየቀውን ቤት ለመለየት ዕጣ ተጣለ አሉ። የጎረቤቴ በር ወጣ፤ የእኔ ቀረ። ጥናቱ ሰው ምን ሠርቶ ምን እንደሚያገኝ፣ ኑሮውም እንዴት እንደያዘው ለማወቅ ነው ተባለ። እርዳታ እንደሌለበት አስቀድመው ነግረውናል። እኔም እርዳታ አላማረኝም።

አንዲት ትሁት ልጅ ታብሌቷን ይዛ መጣች። ጎረቤቴ በራፉ ላይ ካለው መደብ ተቀመጠ፤ እሷም አጠገቡ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ደንገል እያሰርሁ እሰማለሁ። ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሠሩ፣ ስንት ሰዓት ሠሩ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ወገብዎን ያምዎታል ወይ ትለዋለች። እሱ ወሬ አያልቅበትም፤ እሷ ደግሞ ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ መሰላል የተሳለበት ወረቀት አወጣች። ከላይ ያለው ከሁሉ የተሻለው ኑሮ ነው፣ ከታች ያለው የከፋው ነው፣ እርስዎ የትኛው ላይ ቆመዋል አለችው። እሱ እርከኖቹን ከታች ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ።

«ስድስተኛው ላይ» አለ በኋላ። «ከመሃል ትንሽ ከፍ ብዬ።»

እጄ ሥራውን ተወ። ቅናት በጎረምሳነት በሴት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኔን ሰው የሚጠይቀኝ ታንኳው መቼ ይደርሳል፣ ዋጋው ስንት ነው ብሎ ነው። ወገብህ እንዴት ነው፣ ኑሮ የት አደረሰህ ያለኝ የለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዕጣው ነው። እኛ ማኅበር የሚደግሰውን በዕጣ እንለያለን፣ ድሮ መሬትም በዕጣ ተካፍለናል። ዕጣ የእግዜር ጣት ነው። እንግዲህ እግዜር በእኔ በር በኩል አልፎ የእሱን ነካ ማለት ነው ብዬ ያዝሁ።

ልጅቷ ስትሄድ ሁለት ሳሙና ሰጠችው። አንዱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ እንካ አለኝ። ሳሙና አለኝ ብዬ መለስሁበት። አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። ሳቁ ረዘመብኝ። ልጅቷ መንገድ ላይ ስታገኘው ጎንበስ ብላ ሰላም ትለዋለች፤ እኔን አልፋኝ ትሄዳለች። አላወቀችኝም እንጂ ምን አድርጌያት ነው።

በዓመቱ ተመልሳ መጣች። አንድ ጊዜ የተጠየቀ ቤት እንደገና ይጠየቃል አሉ። ጎረቤቴና ሚስቱ ግን ልጃቸው ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ወልዳ በጀልባ ተሻግረው ነበር፤ በሩ ተቆልፏል። ልጅቷ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ የዚህ ቤት ሰዎች መቼ ይመለሳሉ?»

«አይመለሱም» አልሁ። «ጠቅልለው ነው የሄዱት። በእሱ ፈንታ እኔን ጠይቂኝ።»

ፈገግ ብላ በራሷ መምረጥ እንደማትችል አስረዳችኝ። ቤተሰቡ ከለቀቀ በመዝገቡ ላይ ተራ የደረሰው ይተካል፤ እሱም ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ሰው ነው። ምናልባት ከተመለሱ ብላ ስልኳን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ሄደች። እኔ ያተረፍሁት ቃሉን ብቻ ነው።

ያውም የማይባል ቃል። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ውሃ ስለተሻገረ ሰው «አይመለስም» አንልም። ሟርት ነው። ሚስቴ ከቤት ሆና ሰምታኛለች። ደጃፉ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ሰውዬ፣ ምን አልህ?»

ቀና ብዬ ሳላያት ወደ ደንገሌ ተመለስሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። በማግስቱ ይገባሉ የተባሉት አልገቡም። በሣልስቱም ጀልባ የለም። ለጎረቤቴ ብደውል ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አይገኙም የሚለውን ትደጋግምልኛለች። ጀልባ መቆሚያው ሄጄ ተቀመጥሁ። ማዕበሉ እምቦጩን እያመጣ እግሬ ሥር ይጥላል። ያ የረዘመብኝ ሳቅ ከአጥሩ ማዶ ቢጠፋ በምን ጆሮዬ እኖራለሁ እያልሁ ነበር።

ሚስቴ ፈልጋኝ መጣች። አልተቆጣችኝም። የልጅቷ ስልክ ያለበትን ብጣሽ ወረቀት አወጣችና «ውሃውን አንተ አታዝዘውም፤ ልጅቷን ግን መጥራት ትችላለህ» አለችኝ። ሐፍረት ያዘኝ። ራሷ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልሁ። «ሰዎቹ ይመለሳሉ።»

ልጅቷ መለሰችልኝ። ለቀዋል ብላ ታብሌቷ ላይ ሞልታ ኖሯል፤ ገና አልተላከም፣ ቢላክ ኖሮ ስለ ሐሰቱ አለቃዋ እሷን ነበር የሚጠይቃት። ሰኞ እመጣለሁ አለችኝ።

ጀልባው የመጣው በማግስቱ ነው። ነፋሱን ፈርተው ቁንዝላ ቆመው ነበር። ጎረቤቴ አንድ ከረጢት ሎሚ ተሸክሞ ወረደ። ሚስቴ ከኋላ ገፋ አደረገችኝ። ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም ሁሉንም ነገርሁት።

ከረጢቱን አወረደ። «መጠየቅ ካማረህ እኔ አልጠይቅህም ነበር?» አለኝ። ሊስቅ መስሎኝ ነበር። «እኔ ውሃ ተሻግሬ ሳለሁ ግን አይመለሱም ትላለህ?» አለና ከረጢቱን አንሥቶ ሄደ።

ሰኞ ልጅቷ ስትመጣ እንዳልሰማ ሥራዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ብዙ ሳምንት አጥሩ ላይ ቃል አልነበረም። እኔ ልሂድ እላለሁ፣ እግሬ እምቢ ይለኛል። ሚስቴ ግን በየጠዋቱ ወደ ሚስቱ ትሻገራለች፤ ስለ ተወለደው ሕፃን ትጠይቃለች፣ የእኔን ወሬ አታነሣም። አንድ ቀን እጄን ይዛ በበራቸው አስገባችኝና መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ። እሷ በሁለታችን መካከል ተቀመጠች።

«ለኩርፊያ የሚበቃ ዕድሜ የላችሁም» አለች። «አንዳችሁ ጀምሩ፣ እኔ ሥራ አለኝ።»

ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። እኔም ተከትዬ ይቅር በለኝ አልሁት።

ቅናቱ ጨርሶ ለቆኛል አልልም። የጥናት ልጆች በሰፈሩ ሲያልፉ አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ። ያን ጊዜ ይዛ ያሳለፈችኝ ግን ሚስቴ ናት።